ከደረስጌ እስከ ደባርቅ፦ የመሪ ጸጋ መቼ አመኔታን ይወልዳል፣ መቼስ ይበላዋል?



ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በር በኩል ወደ ጃናሞራ የሚያቀና መንገደኛ በአንድ ጉዞ የአንድን ንግሥና ሁለት ጫፎች ያያል። በወዲያኛው ጫፍ፣ በመካነ ብርሃን አካባቢ፣ ደረስጌ ማርያም አለች፤ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑባት ቤተ ክርስቲያን። በወዲህኛው ጫፍ ደባርቅ አለች፤ እኒያው ንጉሥ በነገሡ ስድስት ዓመት ሳይሞላቸው የማረኳቸውን ዓመፀኞች በጅምላ ያስፈጁባት ስፍራ። ሳንቃ በር በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ዛሬ የማቀርበው ንግግር ከዚህ የመልክዐ ምድር አቀማመጥ የተነሣ ነው ብል አላጋነንሁም። የሁለቱ ስፍራዎች ርቀት በእግር የጥቂት ቀናት መንገድ ነው፤ ንጉሡ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲደርሱ የሕዝባቸውን አመኔታ ግማሽ በመንገድ ጥለዋል።

በየስብሰባውና በየሥልጠናው ደጋግመን የምንሰማው አንድ ምክር አለ፤ መሪ የግል ጥንካሬውን ይወቅ፣ በእርሱም ይጠቀም፣ አመኔታንና ደኅንነትን ያስፍን ይባላል። ምክሩ ክፉ አይደለም። የታሪክ ተማሪ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ ሊያልፈው አይችልም። ጥንካሬ ብቻውን አመኔታን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያ ከቴዎድሮስ የበለጠ የሚታመን ሰው ባልኖረ ነበር። ድፍረት ነበራቸው፤ ራእይ ነበራቸው፤ ትጋትና የኑሮ ቀላልነት ነበራቸው። ከቶ ምን ጎደለ? እኔ የምመልሰው መልስ ይህ ነው፦ የመሪ ጸጋ አመኔታን የሚወልደው በሦስት ነገሮች ሲታሰር ነው። አንደኛ፣ ለወዳጅም ለጠላትም እኩል በሚሠራ ሥርዐት፤ ሁለተኛ፣ እምቢ ማለት በሚችል የቅርብ ሰው፤ ሦስተኛ፣ በተራው ሰው ዕለታዊ ኑሮ። ከእነዚህ የተፈታ ጸጋ ግን የገዛ ባለቤቱን ይበላል።

በዚህ ንግግር «ጸጋ» ስል ሰው በተፈጥሮውና በልምዱ ያዳበረውን የግል ብርታት ማለቴ ነው። «አመኔታ» ስል ደግሞ መውደድን ወይም መፍራትን አይደለም። ነገ ምን እንደሚደርስብኝ ከዛሬው የመሪዬ አድራጎት ተነሥቼ መገመት እችላለሁ ማለት መቻልን ነው። ገበሬ ዘር የሚዘራው በዚህ ግምት ነው፤ ነጋዴ ጓዙን የሚጭነውም በዚሁ ነው።

የውቤ ትዕግሥት

ታሪኩን ከቴዎድሮስ ሳይሆን ከስሜኑ ገዥ ከደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም እጀምራለሁ። ቴዎድሮስ የነገሡባትን ደረስጌን ያሠሩት ውቤ ናቸውና። ውቤ በ1823 ዓ.ም. ከደብረ ዓባይ ጦርነት በኋላ ከስሜን አልፈው ትግራይን ያስገበሩ፣ ከሃያ ዓመት በላይ በሰሜኑ ክፍል የገዙ ሰው ነበሩ። ጸጋቸው ትዕግሥትና ዝግጅት ነበር። ጠመንጃ አከማቹ፤ ወደ ግብፅ መልእክተኛ ልከው አቡነ ሰላማን አስመጡ፤ የደረስጌን ቤተ ክርስቲያን ግንባታ ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐር እንዲረዳ አደረጉ። ሁሉም ነገር ለዘውድ የተሰናዳ ይመስል ነበር።

ይሁን እንጂ በየካቲት 1834 ዓ.ም. በደብረ ታቦር ራስ ዓሊን ድል አድርገው፣ ሠራዊታቸው የድል ግብዣ ላይ ሳለ፣ ከተቃራኒው ወገን በተረፈ ጦር ድንገት ተከበው ተማረኩ። በኋላም ተፈትተው ወደ ግዛታቸው ቢመለሱ፣ ያ የድል ማግስት ስሕተት ብዙ ያስተምራል። የዝግጅት ሰው የሆነ መሪ ከድል በኋላ ላለው ሰዓት አልተዘጋጀም ነበር። ደግሞም ውቤ የነበራቸው የጦር መሣሪያ፣ ጳጳስና የታነፀ መቅደስ ነበር፤ በዙሪያቸው የነበሩት መኳንንት ግን ከጥቅም በቀር በሌላ ያልተሳሰሩ ነበሩ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ደረስጌ ላይ ሲገጥሟቸው ውጊያው ከአንድ ቀን አላለፈም። ውቤ ራሳቸው ያስመጧቸው ጳጳስ፣ ውቤ ባሳነጹት ቤተ መቅደስ፣ ሌላውን ሰው ቀቡ። ውቤም የቀረ ዘመናቸውን በእስር ፈጸሙ።

የካሣ ብርታት

በአንጻሩ የቋራው ካሣ ሲነሡ ከውቤ ሀብት አንዱም አልነበራቸውም። ጠላቶቻቸው የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። በሽፍትነት ዘመናቸው ግን የዘረፉትን ለድኻ ገበሬዎች ያካፍሉ፣ ተከታዮቻቸውንም እርሻ ያሠሩ እንደነበር ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ይተርካሉ። በ1845 ዓ.ም. በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት በአይሻል ራስ ዓሊን፣ በ1847 ዓ.ም. ደግሞ ደረስጌ ላይ ውቤን አሸነፉ። በእነዚህ ውጊያዎች ሁሉ ከሠራዊታቸው ጋር የሚበሉ፣ ከሠራዊታቸው ጋር የሚሰለፉ መሪ ነበሩ።

ሲነግሡ የወሰዷቸው እርምጃዎች የዚህን ብርታት አቅጣጫ ያሳያሉ። ሁሉም ወደ አባቱ ሥራ ይመለስ፣ ገበሬው ይረስ፣ ነጋዴው ይነግድ ሲሉ ዐወጁ። ወታደሩ በገበሬው ቤት እየገባ ከሚበላ ደመወዝ ይቆረጥለት አሉ። የባሪያ ንግድን ለማስቆም ሞከሩ። በዘመነ መሳፍንት ለኖረ ገበሬ ከእነዚህ ውስጥ ትልቁ የወታደሩ ደመወዝ ነበር። የገበሬው ዋነኛ ሥጋት ድርቅ ብቻ አልነበረምና፤ መስከረም ላይ ያሸተ እህሉን ኅዳር ላይ ለማን እንደሚያስረክብ አለማወቁ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አመኔታ ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል። የንጉሡ ጀግንነት ሰውን አስደነቀ፤ አመኔታውን የወለደው ግን ጀግንነቱ ለገበሬው ጎተራ ዘብ ይቆማል የሚለው ተስፋ ነው።

ደግሞም በእነዚያ ዓመታት በንጉሡ አጠገብ የሚነግሯቸው ሰዎች ነበሩ። የመጀመሪያዋ ሚስታቸው እቴጌ ተዋበች ዓሊ ነበሩ፤ ያሸነፏቸው የራስ ዓሊ ልጅ ሆነው ሳሉ ከባላቸው ጋር እስከ መጨረሻው የጸኑ። ሁለተኛው እንግሊዛዊው ጆን ቤል ነበር፤ በሊቀ መኳስነት ማዕርግ ዮሐንስ ተብሎ ያገለገለ። ሦስተኛው የብሪታንያ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ነበር። እነዚህ ሰዎች ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ንጉሡን የማይፈሩበት የግል መንገድ ነበራቸው።

ደባርቅ

እቴጌ ተዋበች በነሐሴ 1850 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1852 ዓ.ም. ፕላውደን በጎንደር አቅራቢያ በንጉሡ የሥጋ ዘመድ በዓመፀኛው ጋረድ ሰዎች እጅ ቆስሎ ተያዘ፤ በገንዘብ ተዋጅቶ ቢለቀቅም በቁስሉ ሞተ። በ1853 ዓ.ም. መጀመሪያ ቴዎድሮስ ጋረድን ሲገጥሙ፣ ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ንጉሡን ለማዳን ሲል ወደቀ። ጋረድም በዚያው ውጊያ ተገደለ። ከዚያ በኋላ የሆነው፣ በደባርቅ የሆነው ነው። እጃቸውን የሰጡት የጋረድ ሰዎች ተፈጁ።

ስለዚህ ድርጊት ስንናገር የምንጮቻችንን ጠባይ ማሰብ ይገባል። ስለ ቴዎድሮስ ጭካኔ በስፋት የጻፉት ሚስዮናዊው ሄንሪ ስተርንና ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ሁለቱም በንጉሡ እጅ ታስረው የነበሩ ናቸው። ከአገር ውስጥ ጸሐፊዎች ደብተራ ዘነብ ንጉሡን ይወድዳሉ፤ አለቃ ወልደ ማርያም ይወቅሷቸዋል። ስለዚህ የሟቾቹን ቁጥር አንሥቼ አልከራከርም። ለእኔ ጥያቄ የሚበቃው ቁጥሩ ሳይሆን ምክንያቱ ነው።

ምክንያቱ ሐዘን ነበር። በግልጽ እንናገረው። ቴዎድሮስ በደባርቅ ያስፈጁት ለሥልጣን ሲሉ ብቻ አልነበረም፤ ጋረድ ሞቷል፣ ጦሩ ተበትኗል። የተፈጸመው ለወዳጅ የተከፈለ ደም ነው። ታማኝነት ከንጉሡ ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ነበር። ወዳጃቸውን አልረሱም። ሆኖም ይኸው ጸጋ ሥርዐት ሲያጣ፣ ምርኮኛው እንደ ተበዳይ ወዳጅ ዋጋ እንጂ እንደ ንጉሡ ተገዥ አልታየም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ዓመፀኛ አንድ ትምህርት ተማረ፤ እጅ መስጠት አያድንም። እጅ መስጠት የማያድን ከሆነ ደግሞ መሸነፍ የሚባል ነገር የለም፤ እስከ ሞት መዋጋት ወይም ወደ በረሓ መሸሽ ብቻ ነው። በጥር 1853 ዓ.ም. በትግራይና በስሜን የተነሣው የውቤ ዘመድ አገው ንጉሤ ተይዞ በጭካኔ ቢገደልም ዓመፅ አልቆመም። በጎጃም፣ በላስታ፣ በወሎ፣ በሸዋ እየበዛ ሄደ።

እዚህ ላይ ስለ መሪ ደኅንነት አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ስለ ሕዝብ ደኅንነት ስንናገር የመሪውን እንረሳለን። በሦስት ዓመት ውስጥ ሚስቱንና ሁለት የቅርብ ወዳጆቹን ያጣ ሰው ሐዘኑን የሚያወጣበት ስፍራ ሊኖረው ይገባል። በአገራችን ባህል ለሐዘንተኛ ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሐዘንተኛውም ለጥቂት ቀናት ከውሳኔ ይከለላል። ለንጉሥ ግን በሰይፉና በሐዘኑ መካከል የሚገባ ማንም አልነበረም። ሊገቡ ይችሉ የነበሩት እነዚያው የሞቱት ነበሩ። ይህ ለድርጊቱ ማስተሠረያ አይሆንም። ድርጊቱ እንዴት ሊፈጸም እንደቻለ ያስረዳል እንጂ።

ከቤተ ክህነት ጋር የነበረው ጠብም በዚሁ መንገድ ሄደ። ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ጥቂት ካህናትና ዲያቆናት ይበቃሉ፣ የተረፈው መሬት ግብር ይክፈል አሉ። ዓላማው ለወታደሩ ደመወዝ መሠረት ማግኘት ነበር፤ ስለሆነም ከገበሬው ጎተራ ጋር የተያያዘ አሳብ ነው። ያንን አሳብ የሚያስረዳና የሚደራደር ሰው ግን አልነበረም። ደመወዙ የሚከፈልበት ገቢ ሲጠፋ ወታደሩ ወደ ቀደመው ዝርፊያ ተመለሰ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደር ራሷ ተመዘበረች፣ ተቃጠለች። ገበሬው ጎተራዬ ይጠበቅልኛል ያለበት ንጉሥ የጎተራው ጠላት ሆነ።

ድንጋይና ዶማ

አሁን ሁለት ሥዕሎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ። በ1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ በጋፋት ያስቀረፁትን፣ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ለማድረስ በገደልና በሸለቆ መንገድ ያስጠርጉ ነበር። የዓይን ምስክሮች እንደጻፉት ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ይፈነቅሉ፣ ከሠራተኛው ጋር ይደክሙ ነበር። ጉዞው ወራት ፈጀ። ከዚህ የበለጠ የመሪ ትሕትናና ትጋት ማሳያ ከየት ይገኛል? ነገር ግን በየማታው ወታደሩ ይከዳ ነበር። በብዙ ዐሥር ሺዎች ይቆጠር የነበረው ሠራዊት መቅደላ ሲደርስ ጥቂት ሺዎች ሆነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ በገዛ ሽጉጣቸው ሕይወታቸውን አጠፉ።

ሁለተኛው ሥዕል ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው በክፉ ቀን ዘመን፣ በምጽዋ በኩል የገባ የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ፈጀ። በሬ ያጣ ገበሬ ማረስ አልቻለም፤ በዶማ መቆፈር ደግሞ እንደ ውርደት ይቆጠር ነበር። የዘመኑ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት አፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው በእጃቸው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲከተሉ አደረጉ። ረኀቡ ከዚህ የተነሣ አልጠፋም፤ ብዙ ሕዝብ ዐልቋል። ነገር ግን በዶማ መቆፈር ነውርነቱ ቀረ፤ የንጉሡም ስም በብዙ ቦታ በመልካም ተነሣ።

ሁለቱም ነገሥታት ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ከዙፋን ወርደው በእጃቸው ሠሩ። አንዱ ተከታይ አጣ፣ ሌላው ተከታይ አገኘ። ልዩነቱ በጸጋው መጠን አይደለም። እንዲያውም ከድካም አንጻር የቴዎድሮስ ይበልጣል። ልዩነቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ሥራው የማን እንደሆነ ነው። ድንጋዩ የተፈነቀለው ለንጉሡ መድፍ ነበር፤ ዶማው የተነሣው ለገበሬው እርሻ ነበር። ሁለተኛው ከሥራው በፊት የነበረው ነው። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡ ድንጋይ ሲሸከሙ ያየ ወታደር ደባርቅንና ጎንደርን ያስታውስ ነበር። ምሳሌነት አመኔታን ያጠነክራል፤ የተሰበረውን ግን ብቻውን አይጠግንም።

ምርኮኛው እንደ ፈተና

ይህን ስል ምኒልክን የመልካም መሪ ፍጹም ምሳሌ አድርጌ ማቅረቤ አይደለም። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ማርከው ቁስላቸውን አሳከሙ፣ በክብር ያዟቸው፣ በኋላም ሰውየው ወደ ግዛታቸው ተመለሱ። ከዐሥራ አራት ዓመት በኋላ ተክለ ሃይማኖት ጎጃሜውን አሰልፈው በዓድዋ ከምኒልክ ጎን ቆሙ። ይህ ከደባርቅ ጋር ሲነጻጸር ልብን ይነካል። አንድ የተማረከ ጠላት በክብር በመያዙ ምክንያት አንድ ክፍለ ሀገር ለዓድዋ ተገኘ ማለት ይቻላል።

ሆኖም በ1890 ዓ.ም. የተማረኩት የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ይህ ምሕረት አልደረሳቸውም። ቀሪ ዕድሜያቸውን በሰንሰለት ፈጸሙ። በደቡብና በምዕራብ ብዙ ሕዝቦች የዚያን ዘመን መስፋፋት የሚያስታውሱት በምሕረት ሳይሆን በመሬት መነጠቅና በገባርነት ነው። ስለዚህ የእምባቦ ምሕረት የንጉሡ ጸጋ ነበር እንጂ የመንግሥቱ ሥርዐት አልነበረም። ለማን እንደሚደርስና ለማን እንደማይደርስ የሚወስነው የንጉሡ ልብ ነበር። በስሜት የሚሰጥ ምሕረት ለተቀበለው ሰው በረከት ነው፤ ለቀረው ግን እንደ ደባርቅ ሰይፍ ያው ያልታወቀ ዕጣ ነው። አመኔታን ነገን መገመት መቻል ካልነው፣ ደግ ንጉሥም እንኳ ሥርዐት እስካልሠራ ድረስ አመኔታን ሙሉ አያደርግም።

የስሜን ልጅ፣ እቴጌ ጣይቱ

ወደ ስሜን ልመለስ። የእቴጌ ጣይቱ አባት ብጡል ኃይለ ማርያም የደጃዝማች ውቤ ወንድም ነበሩ። ደረስጌ ላይ የወደቀው ቤት የእርሳቸው ቤት ነው። ቤተሰባቸው ከሥልጣን ወደ ምርኮ ሲወርድ ያዩ ልጅ ነበሩ። ከዚህ ዐይነት ልጅነት የሚወጣው ጸጋ ጥንቃቄ ነው። ማን ምን እንደፈለገ ማስተዋል፣ የተጻፈን ቃል ደጋግሞ ማንበብ፣ ቶሎ አለማመን።

ይህ ጸጋ አገርን የጠቀመባቸው ሁለት ታላላቅ ጊዜያት አሉ። አንደኛው ከ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል በኋላ የጣሊያኑ መልእክተኛ አንቶኔሊ የዐሥራ ሰባተኛውን አንቀጽ ትርጓሜ ለማስጸናት ሲሟገት በጽናት መቋቋማቸው ነው። ሁለተኛው በጥር 1888 ዓ.ም. በመቀሌ ነው። በእንዳየሱስ ምሽግ ላይ ፊት ለፊት ማጥቃት ብዙ ሰው ባስጨረሰ ጊዜ፣ ምሽጉ ውሃ የሚቀዳበትን ምንጭ የመያዙ ምክር የእቴጌይቱ እንደነበር ይተረካል። ምንጩ ተያዘ፤ የማጆር ጋሊያኖ ጦር በውሃ ጥም ተገድዶ ምሽጉን ለቀቀ፤ በስምምነቱም መሠረት ሳይነካ እንዲሄድ ተደረገ። እንደገና የምርኮኛ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ቃል ተሰጥቶ ቃል ተጠበቀ።

በአፄ ምኒልክና በእቴጌይቱ መካከል የነበረው ግንኙነት ቀደም ሲል ያነሣሁትን ሁለተኛ ነጥብ ያስረዳል። ለዘብተኛና አስታራቂ ለሆነ ንጉሥ፣ እምቢ ማለት የሚችል ጠንካራ ሰው በአጠገቡ ነበር። እርሳቸው ይሁን ይሁን ሲሉ እቴጌይቱ ቆይ ቆይ ይሉ ነበር ተብሎ እስከ ዛሬ በጨዋታ ይነገራል። ቴዎድሮስ ከ1853 ዓ.ም. በኋላ ያጡት ይህንን ነው።

ይሁን እንጂ ጣይቱም ከዚያው ሕግ አላመለጡም። ምኒልክ በጠና ሲታመሙና የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌይቱ እጅ ሲወድቅ፣ የሚሏቸው ሰው አልነበረም። ጥንቃቄያቸው ወደ ጥርጣሬ አዘነበለ፤ ሹመቱም ወደ ሰሜን ዘመዶቻቸው አጋደለ። ከልጅነታቸው አንጻር ስናየው ይገባናል፤ ቤቱ ሲወድቅ ያየ ሰው በሥጋ ዘመዱ ይታመናል። መኳንንቱ ግን ነገ የማን እንደሆነች መገመት አቃታቸው። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ ተደረገ። በመቀሌ ምንጩን ያስያዘው ጸጋና በቤተ መንግሥት ያገለላቸው ጸጋ አንድ ነበር።

ከጸጋ ወደ ተቋም

ንግግሬን በነገሥታት ብቻ ብጨርስ ለዚህ አዳራሽ የሚበቃ አይመስለኝም። ከእናንተ ውስጥ ዘውድ የሚጭን የለም፤ የትምህርት ክፍል፣ ጤና ጣቢያ፣ ወረዳ ወይም ትምህርት ቤት የሚመራ ግን ብዙ ነው።

በ1945 እና በ1946 ዓ.ም. በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። ከዚያ ጥፋት የተነሣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የኮሌጁ ልዩ አሳብ ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የጤና አጠባበቅ ባለሙያ በአንድ ቡድን ተሠልጥነው በአንድ ቡድን ወደ ገጠር ይውጡ የሚል ነበር። ይህን አሳብ ከዛሬው ጥያቄ ጋር ሳነጻጽረው ትርጉሙ ይሰፋብኛል። አንድ ጎበዝ ሐኪም ብቻውን ወደ መንደር ቢሄድ ሕዝቡ ሐኪሙን ያምናል፤ ሐኪሙ ሲዛወር አመኔታውም አብሮት ይሄዳል። ቡድን ሲሆን ግን የአንዱ ድፍረት በሌላው ጥንቃቄ ይታረቃል፤ አንዱ ሲሄድ ሌላው ይቀራል።

በዳባት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ማእከል የወረዳውን ቤተሰቦች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በየጊዜው እየተከታተለ ይመዘግባል። አስቡት፤ አንድ መረጃ ሰብሳቢ በየደጃፉ ቆሞ በዚህ ቤት ማን ሞተ፣ በምን ሞተ ብሎ ይጠይቃል። በዚህ አገር ከዚህ የበለጠ ከባድ ጥያቄ የለም። በር የሚከፈትለት በቁመናው ወይም በአንደበቱ ብቻ አይደለም። ትናንት መጥቶ እንደነበር፣ የሰማውን እንዳላወራ፣ ነገም እንደሚመለስ ስለሚታወቅ ነው። የሰውየው ትሕትና ጸጋ ነው፤ የመመላለሱ ሥርዐት ግን ጸጋውን ከሰውየው ዕድሜ በላይ ያቆየዋል።

እንግዲህ ከደረስጌ እስከ ደባርቅ ያለው ታሪክ ለእኛ የሚለው ምንድር ነው? መሪ ጥንካሬውን አይጠቀምበት አይልም። ያለ ቴዎድሮስ ድፍረት ዘመነ መሳፍንት በዚያ ፍጥነት ባላበቃ፤ ያለ ጣይቱ ጥንቃቄ የመቀሌው ምሽግ ሌላ ብዙ ሕይወት ባስከፈለ ነበር። የሚለው ሌላ ነው። ጥንካሬህን ካወቅህ፣ ይኸው ጥንካሬ በሐዘንህና በቁጣህ ቀን ምን እንደሚያደርግ አስቀድመህ አስብ። በዚያ ቀን ከማን ፊት እንደምትቆም ዛሬ ወስን። በእጅህ የወደቀ ሰው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ እንዲያውቅ ሥርዐት ሥራ፤ ተማሪ ቢሆን፣ ታማሚ ቢሆን፣ የበታች ሠራተኛ ቢሆን፣ ተቃዋሚህም ቢሆን። መሪ በተሸነፈው ሰው ላይ የሚያደርገውን ያሸነፈውም ያየዋልና።

የታሪክ መምህር እንደመሆኔ የቴዎድሮስን ስም በፍቅር የሚያነሡ ተማሪዎችን በየዓመቱ አገኛለሁ። ፍቅሩን አልነቅፍም፤ እኔም እጋራዋለሁ። የምለምናቸው ግን ደረስጌን ባነሡ ቁጥር ደባርቅንም እንዲያነሡ ነው። የነገሠውን ሰው ብቻ ሳይሆን እጁን የሰጠውንም ሰው የሚያስታውስ ትውልድ፣ ሲሾም ሌላ ዐይነት መሪ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።